ወረራ፦ ከራሶች ሰንጠረዥ እስከ ወልድያ ፕሌይስቴሽን ቤት

የእንግሊዝ ፕሪሚየር ሊግን የምትከታተሉ ከሆነ በየሳምንቱ ሳታዩት የማታልፉት አንድ ነገር አለ፤ የደረጃ ሰንጠረዥ። አርሰናል ስንተኛ ነው? ማንቼ ስንት ነጥብ ያዘ? የሒሳብ መምህራችሁም «ከታች ባለው ሰንጠረዥ መሠረት» እያሉ ጥያቄ ያወጣሉ። ቃሉን ሁላችንም እንናገረዋለን። ግን እኮ ሰንጠረዥ ዱሮ የቁጥር መደርደሪያ አልነበረም። ጨዋታ ነበር። ዛሬ ቼዝ የምንለው ጨዋታ የድሮ ዘመድ፣ ነገሥታትና መኳንንት ቀኑን የሚያሳልፉበት ጨዋታ። ጨዋታው ጠፋ፤ ስሙ ግን በመስመር ለተከፋፈለ ነገር ሁሉ መጠሪያ ሆኖ ቀረ።

ይህን የማነሳው ስለ ፕሌይስቴሽን ለማውራት ነው። አትሳቁ። ወልድያ ውስጥ ከአዳጎ እስከ ጎንደር በር ሂዱ፣ ወይም በደሴ መንገድ ወርዳችሁ መርሳ ላይ አንድ ሻይ ቤት ቁጭ በሉ፤ ስለ ቪዲዮ ጌም ትልልቅ ሰዎችን ብትጠይቁ የምትሰሙት አስተያየት ብዙም አይለያይም። «የፈረንጅ ነገር ነው።» «እኛ በልጅነታችን እንዲህ ያለ ነገር አልነበረም።» «ልጆቹን ያበላሸው እሱ ነው።» የመጀመሪያዎቹ ሁለቱ አስተያየቶች ታሪክ የሚፈትናቸው ናቸው። ሦስተኛው ላይ ግን ወላጆችን ሙሉ በሙሉ ተሳስተዋል ለማለት አልደፍርም፤ የሚቆጡበትን ነገር ትንሽ ፈቀቅ ብለው ቢፈልጉት ይሻል ነበር ባይ ነኝ።

ተራ የማይጠብቅ ጨዋታ

ቼዝ መነሻው ሕንድ ነው። እዚያ ቻቱራንጋ ተባለ፣ ትርጉሙም የጦር ሠራዊት አራቱ ክፍሎች ማለት ነው። ፋርሶች ተቀብለው ቻትራንግ አሉት፣ ዐረቦች ሻትራንጅ፣ እኛ ሰንጠረዥ። መቼ እንደገባ ቀኑን ቆርጦ መናገር አይቻልም እንጂ ዐፄ ልብነ ድንግል (ከ1508 እስከ 1540 እ.ኤ.አ. የነገሡት) በቤተ መንግሥታቸው ከነበረ የቬኒስ ሰዓሊ ጋር ሰንጠረዥ ይጫወቱ እንደነበር የሚናገር የዘመኑ የጣልያን ጽሑፍ አለ። «የፈረንጅ ነገር» ለሚሉት እንግዲህ፣ ፈረንጁ መጥቶ ያገኘው ጨዋታው እዚህ ተዘርግቶ ነው።

ሰሌዳው ነጭና ጥቁር ቤት አልነበረውም። ቀይ ጨርቅ ላይ በጥቁር ወይም በሰማያዊ ጨርቅ መስመር ተሰምሮ ስድሳ አራት ቤት ይወጣለታል። በእያንዳንዱ ወገን ንጉሥ አለ፣ ከጎኑ ፈርዝ፣ ከዚያ ፊል (ዝሆን ማለት ነው)፣ ፈረስ፣ ደር፣ ከፊታቸው ደግሞ መደቆች፤ የዛሬዎቹ ወታደሮች። እስከዚህ ድረስ ዐረቦቹም ፋርሶቹም የሚያውቁት ጨዋታ ነው። የእኛ ሰዎች የጨመሩበት ግን አለ፣ እሱም ስሙ ወረራ ይባላል።

በዛሬው ቼዝ አንድ እንቅስቃሴ እኔ፣ አንድ እንቅስቃሴ አንተ ነው። በሰንጠረዥ ግን መጀመሪያ ላይ ተራ የሚባል ነገር የለም። ሁለቱም ተጫዋቾች እኩል ይጀምራሉ፣ እጃቸው እንደቻለ ያንቀሳቅሳሉ፣ አንዱ አምስት ሲያንቀሳቅስ ሌላው ሦስት ቢሆንም ችግር የለም። አይናቸው ግን ከባላጋራቸው እጅ አይነቀልም፤ እሱ ፈረሱን ወደ ግራ ካመጣ እኔ ያሰለፍኩትን አፍርሼ ሌላ እሠራለሁ። ይህ ሁሉ የሚቀጥለው የመጀመሪያው ጠጠር እስኪበላ ነው። አንዱ አንድ መደቅ በበላ ቅጽበት ወረራው ያበቃል፣ ከዚያ በኋላ በተራ ይሆናል።

ቪዲዮ ጌም የምትጫወቱ ልጆች ይህን ስታነቡ አንድ ነገር ሳይታወሳችሁ አይቀርም። ዛሬ የስትራቴጂ ጌሞችን ለሁለት እንከፍላቸዋለን፤ በተራ የሚሄዱና ሰዓቱ ሳይቆም ሁሉም በአንድ ጊዜ የሚንቀሳቀስባቸው። ሁለተኛው ዓይነት በኮምፒውተር ዘመን የመጣ ይመስለናል። ራሶቻችን ግን ያለ መብራት፣ ያለ ስክሪን፣ ምንጣፍ ላይ ቁጭ ብለው ሁለቱንም በአንድ ጨዋታ ውስጥ አዋህደው ይጫወቱ ነበር። ለጦር አዛዥ ነገሩ ትርጉም አለው። ሠራዊት ሲሰለፍ ጠላት ተራህን ይጠብቅልሃል እንዴ?

ጎበዝ ማሸነፍና እንዲሁ ማሸነፍ

አሁን ወደ ወልድያ እንቅረብ። ወልድያና ዙሪያዋ፣ ሐብሩን ጨምሮ፣ ዱሮ የጁ የሚባለው አገር ነው። ወልድያም የየጁ አውራጃ ዋና ከተማ ነበረች። በታሪክ ትምህርት ዘመነ መሳፍንትን ስትማሩ የየጁ ሥርወ መንግሥት የሚባል ነገር ታገኛላችሁ፤ ከ1780ዎቹ እስከ 1853 እ.ኤ.አ. በአብዛኛው ጎንደር ላይ ንጉሠ ነገሥቱን የሚያስቀምጡትና የሚያወርዱት እንደራሴዎች ከዚህ አገር የወጡ ሰዎች ነበሩ። ከነሱ የመጨረሻው ዳግማዊ ራስ አሊ ናቸው፣ አይሻል ላይ በደጃዝማች ካሳ፣ በኋላ ዐፄ ቴዎድሮስ በተባሉት፣ የተሸነፉት።

በራስ አሊ ዘመን ዋልተር ፕላውደን የሚባል የእንግሊዝ ቆንስል አገር ውስጥ ብዙ ዓመት ኖሯል፤ በ1849 እ.ኤ.አ. ከራስ አሊ ጋር የወዳጅነትና የንግድ ውል የተፈራረመው እሱ ነው። ከሞተ በኋላ በ1868 እ.ኤ.አ. በታተመው መጽሐፉ ውስጥ፣ ስለ ጦርና ስለ ግብር ከጻፈው መካከል፣ ስለ ሰንጠረዥ አጨዋወትም አስፍሯል። ለእኔ ከሕጎቹ ሁሉ የሚገርመኝ የአሸናፊነት ደረጃው ነው። በሰንጠረዥ ንጉሥን መያዝ ብቻውን አይበቃም፤ በምን ያዝከው ይባላል። በደር ወይም በፈረስ መርታት እንደ ተራ ነገር ይታያል፤ እነሱ ኃይለኞች ናቸዋ። በፈርዝ ወይም በፊል መርታት የተሻለ ነው። በመደቅ፣ በደካማዎቹ፣ ንጉሥን ማሰር ግን ያስጨበጭባል።

ይህን ሕግ ወልድያ ያሉ ልጆች ማንም ሳያስተምራቸው ያውቁታል። ፕሌይስቴሽን ቤት ገብቶ ሁልጊዜ ሪያል ማድሪድን የሚመርጥ ልጅ አለ አይደል? ያሸንፋል። ግን ማንም አያከብረውም፣ «ቡድኑ ነው ያሸነፈው» ይባላል። ደካማ ቡድን ይዞ አራት ለአንድ ያሸነፈው ልጅ ግን ሳምንቱን ሙሉ ይወራለታል።

ሌላም አለ። ከፕላውደን ቀደም ብሎ፣ በ19ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ላይ፣ ሄንሪ ሶልት የተባለ ሌላ እንግሊዛዊ ትግራይ ውስጥ በራስ ወልደ ሥላሴ ግቢ ሰንጠረዥ ሲጫወቱ አይቷል። የገረመው ጫጫታው ነው። ተጫዋቾቹ ሁለት ናቸው፣ የሚጫወተው ግን ቤቱ ሙሉ ሰው ነው። መኳንንቱም አሽከሮቹም ይመክራሉ፣ ይጮኻሉ፣ ጥሩ እንቅስቃሴ የታየው ተነሥቶ ራሱ ጠጠሩን ያንቀሳቅሳል። ብልሃታቸው ደግሞ፣ ይህ ሁሉ ትርምስ ሲያበቃ ሁልጊዜ የሚያሸንፉት ራስ ወልደ ሥላሴ መሆናቸው ነው። (አለቃችሁን ወይም ታላቅ ወንድማችሁን አስባችሁ ከሆነ፣ አዎ፣ ነገሩ ያው ነው።)

አውሮፓዊው ቼዝ ዝምታ ይፈልጋል። የእኛ ሰንጠረዥ ተመልካች ይፈልግ ነበር። ገበታም እንደዚሁ ነው፤ መሬት ላይ ጉድጓድ ቆፍረው ወይም እንጨት ላይ ጠርበው ጠጠር የሚዘሩበት ጨዋታ፣ ዙሪያው ሁልጊዜ ከተጫዋቹ በላይ የሚያውቅ ሰው አይጠፋም። የኢትዮጵያ ጥናት ተቋም የመጀመሪያ ዳይሬክተር የነበሩት ሪቻርድ ፓንክረስት በ1971 እ.ኤ.አ. ስለ ሰንጠረዥም ስለ ገበታም ሰፊ ጥናት አሳትመዋል፤ በዚያን ጊዜ ሰንጠረዥ ከሰው ትዝታ ሊወጣ ተቃርቦ ነበር። ገበታ ግን በሕይወት አለ።

የዳቦ ብር

«እኛ በልጅነታችን እንዲህ ያለ ነገር አልነበረም» የሚሉትን ሰዎች ረጋ ብላችሁ ጠይቋቸው። ጆተኒ አልነበረም? ከረንቡላ አልነበረም? ቪዲዮ ቤትስ? ከመጋረጃ ጀርባ አንድ ቴሌቪዥንና አንድ የካሴት ማጫወቻ ተቀምጦ፣ ሳንቲም እየከፈሉ የሕንድና የካራቴ ፊልም የሚታይበት? ነበረ። ያን ጊዜም ወላጅ ይቆጣ ነበር፣ ያን ጊዜም «ልጅ ማበላሻ» ይባል ነበር። ጆተኒ የሚለው ስም ራሱ ጣልያኖች ማሽን ውስጥ ከሚከቷት የመጫወቻ ሳንቲም፣ ከ«ጄቶኒ»፣ የመጣ ይመስለኛል። እንደዚያ ከሆነ ወላጆችን የሚያናድደው ነገር ስሙ ውስጥ ተቀምጧል፤ ልጅ ለጨዋታ መክፈሉ።

ይህ ደግሞ የወልድያ ብቻ አይደለም። በ1942 እ.ኤ.አ. የኒውዮርክ ከንቲባ ፊዮሬሎ ላጋርዲያ ፒንቦል የሚባለውን ማሽን፣ የብረት ኳስ በመስታወት ሥር የሚንከባለልበትን፣ ከከተማው አስወገዱ። ፖሊስ በሺዎች የሚቆጠሩ ማሽኖችን ሰብስቦ ወሰደ፣ ከንቲባውም መዶሻ ይዘው ሲሰባብሩ ፎቶ ተነሡ። ክሳቸው ማሽኑ የተማሪዎችን የምሳ ሳንቲም ይበላል የሚል ነበር። የዳቦ ብር ማለት ነው! እገዳው የተነሣው በ1976 እ.ኤ.አ. ነው። ያን ጊዜ ሮጀር ሻርፕ የሚባል ወጣት ጋዜጠኛ በከተማው ምክር ቤት ሰዎች ፊት ማሽኑ ላይ ቆመ፣ ኳሷን በየት በኩል እንደሚልካት አስቀድሞ ተናገረና ላካት። እንዳለው ሄደች። ጨዋታው ዕድል ሳይሆን ችሎታ መሆኑ በዚህ ታመነ።

የሻርፕ ነጥብ ወልድያ ላይም ይሠራል። ዛሬ ከፕሌይስቴሽን ቤቱ ጎን ብዙ ጊዜ ሌላ ቤት አለ፤ ቤቲንግ ቤት። ወላጆች ሁለቱን በአንድ ስም ይጠሯቸዋል። ውስጣቸው ግን አንድ አይደለም። በአንደኛው ቤት ጣትህ በፈጠነ መጠን ትሻላለህ፤ ዛሬ ሦስት ለባዶ የተሸነፈ ልጅ ከሁለት ወር በኋላ ያሸንፋል። በሌላኛው ቤት የፈለግከውን ያህል ብትለማመድ ሊቨርፑል የምትፈልገውን ያህል ጎል አያገባልህም፣ ሒሳቡም ቤቱ እንዲያተርፍ ሆኖ የተሠራ ነው። ቁጣ መመደብ ካለበት እኔ አብዛኛውን ለሁለተኛው ቤት እመድባለሁ።

ይህ ማለት ጨዋታ ጉዳት የለውም ማለት አይደለም። የዓለም ጤና ድርጅት በ2019 እ.ኤ.አ. ባጸደቀው የበሽታዎች ዝርዝር ውስጥ የጌም ሱስን እንደ አንድ የጤና እክል አስገብቶታል። መስፈርቱን ልብ በሉ ግን፤ ብዙ መጫወት ብቻውን አይደለም። ሰውየው ራሱን መግታት ሲያቅተው፣ ጨዋታው ትምህርቱንና ቤተሰቡን ሲበልጥበት፣ ጉዳቱን እያየ ሲቀጥል፣ ያውም አብዛኛውን ጊዜ ለዓመት ያህል ነው። ቅዳሜ ከሰዓት ሦስት ጌም የተጫወተ ልጅ ሱሰኛ አይባልም።

መጋረጃው ውስጥ

እስቲ ቤቱን ራሱን እንየው። በሩ ላይ መጋረጃ፣ ውስጥ ሁለት ሦስት ቴሌቪዥን፣ አግዳሚ ወንበር፣ በብዙ እጅ የተለሰለሰ ጆይስቲክ። ክፍያው በጨዋታ ነው። ሕጉ ደግሞ ብዙ ቦታ አንድ ነው፤ ተሸናፊ ይከፍላል፣ አሸናፊ ይቀጥላል። ወንበሩ ላይ ከሁለቱ ተጫዋቾች ሌላ ስድስት ሰባት ልጅ አለ፣ ሁሉም አሠልጣኝ ነው። «አቀብል!» «አትሩጥ!» «ኧረ ምታው!» ሶልት ተመልሶ ቢመጣ ነገሩ አዲስ አይሆንበትም ነበር፤ ጆይስቲኩን ነጥቆ የሚመታ ልጅ እንኳ አይጠፋም።

ለሒሳብ ወዳጆች አንድ ነገር ልጨምር። ተሸናፊ ከከፈለና አሸናፊ ከቀጠለ፣ ጎበዙ ልጅ ሳይከፍል ቀኑን ሙሉ ይለማመዳል፣ ጀማሪው ደግሞ እየከፈለ አምስት ደቂቃ ይጫወታል። ማለትም የደካማው ልጅ ብር የጎበዙን ልጅ ትምህርት ይከፍላል። በጊዜ ብዛት በሁለቱ መካከል ያለው ልዩነት እየሰፋ ይሄዳል። ይህ ሕግ ለቤቱ ባለቤት ጥሩ ነው፣ ለአዲስ ገቢ ግን ጨካኝ ነው።

አዲስ ገቢ ስል ሴት ልጆችንም ማለቴ ነው። ወንበሩ ላይ ያሉት ብዙውን ጊዜ ወንዶች ብቻ ናቸው። ሶልት ያያቸው አማካሪዎችም የመኳንንት ግቢ ወንዶች ነበሩ። ስለዚህ «ጨዋታችን የሁሉም ነበር» ብዬ ልዋሻችሁ አልፈልግም። ወንድሟ ፕሌይስቴሽን ቤት የዋለ ልጅ «አበላሸ» ይባላል፤ እሷ ብትገባ ግን የሚባለው ከዚያ የከፋ ነው። ጌም ያበላሻል አያበላሽም የሚለው ክርክር ብዙ ጊዜ ይህን ጥያቄ ሳያነሣው ያልፋል።

ማሽኖቹ ለምን አሮጌ ሆኑ? ፕሌይስቴሽን 2 የወጣው በ2000 እ.ኤ.አ. ነው፣ በዓለም ላይ ከ150 ሚሊዮን በላይ ተሽጧል፤ ከእሱ በላይ የተሸጠ የቴሌቪዥን ጌም ማጫወቻ እስካሁን የለም። ሀብታም አገር ውስጥ ሰዎች አዲሱን ሲገዙ አሮጌው በርካሽ ወደ ሌላው ዓለም ፈሰሰ። ትልቁ ምክንያት ግን ዋጋው ብቻ አይመስለኝም። ያ ማሽን ከሰው የሚፈልገው ሁለት ነገር ነው፤ መብራትና ቴሌቪዥን። ኢንተርኔት አይጠይቅም፣ ስምህን አይጠይቅም፣ ባንክህን አይጠይቅም። ጨዋታው ዲስክ ወይም ሃርድ ዲስክ ላይ ነው፣ ከዚያ በኋላ የሠራው ኩባንያ ቢኖር ባይኖር ግድ የለውም።

ወልድያ ላይ ይህ ትንሽ ነገር አይደለም። በነሐሴ 2013 ዓ.ም. ጦርነቱ ወልድያ ደረሰ፣ ከተማዋም እስከ ታኅሣሥ 2014 ዓ.ም. ድረስ በህወሓት ኃይሎች ሥር ቆየች። በነዚያ ወራት መብራትም ስልክም ባንክም አልነበረም፤ ወልድያ ዩኒቨርሲቲን ጨምሮ ብዙ ተቋማት ተዘርፈዋል፣ ተጎድተዋል። እንዲያ ባለ ጊዜ የሚሠራው ጨዋታ ጠጠር የሚፈልገው ገበታና ባትሪ የማያስፈልገው ካርታ ብቻ ነው። በሐምሌ 2015 ዓ.ም. መጨረሻ ደግሞ በአማራ ክልል የሞባይል ኢንተርኔት ተቋረጠ፣ ለብዙ ወራትም አልተመለሰም። መብራት በነበረበት ሰዓት ሃርድ ዲስክ ላይ ያለው ኳስ ይሠራል። ስልክ ላይ ያለው፣ ኢንተርኔት ካላገኘ የማይከፈተው ጨዋታ ግን ምስሉ ብቻ ይቀራል።

አካውንት አለህ?

የጌም ኢንዱስትሪው እየሄደ ያለው ወደዚህ ሁለተኛው መንገድ ነው። የኮናሚ ኩባንያ ፔስ የሚባለው የእግር ኳስ ጨዋታ ለብዙ የፕሌይስቴሽን ቤት ልጆች የመጀመሪያ ፍቅር ነበር። በ2021 እ.ኤ.አ. ኩባንያው ስሙን ቀይሮ ኢፉትቦል አለው፤ በነፃ ይገኛል፣ ግን ኑሮው ኢንተርኔት ላይ ነው። በ2020 እ.ኤ.አ. የወጣው ፕሌይስቴሽን 5 ዲስክ መክተቻ የሌለው ዓይነትም አለው። ጨዋታ ዕቃ መሆኑ እየቀረ አገልግሎት እየሆነ ነው፤ ዕቃ ደግሞ ለጎረቤት ይዋሳል፣ አገልግሎት ግን አካውንት ይጠይቃል።

አካውንቱ ላይ ችግር አለ። ሶኒ የፕሌይስቴሽን ኔትወርክ አካውንት በይፋ የሚሰጥባቸው አገሮች ዝርዝር አለው፣ ኢትዮጵያ በዝርዝሩ ውስጥ የለችም። የብዙ አፍሪካ አገሮች ዕጣም ይኸው ነው። በግንቦት 2024 እ.ኤ.አ. ይህ ነገር ዓለም አቀፍ ጭቅጭቅ አስነሣ። ሄልዳይቨርስ 2 የሚባል በኮምፒውተር የሚጫወቱት ጌም ነበር፤ ሰዎች ገዝተውታል፣ ወራት ተጫውተውታል። ሶኒ ድንገት «ከእንግዲህ የኛ አካውንት ከሌላችሁ አትጫወቱም» አለ። ጨዋታው አካውንቱ በማይሰጥባቸው ከ170 በላይ አገሮችና ግዛቶች ከሽያጭ ወረደ። ተጫዋቾች ምን አደረጉ? አስተያየት ጻፉ። በጥቂት ቀናት ውስጥ በመቶ ሺዎች የሚቆጠር መጥፎ አስተያየት ጨዋታው ላይ ተከመረ፤ ኩባንያውም ቀናት ሳይቆይ አሳቡን ለወጠ።

«የተራ ሰው አስተያየት ምን ያመጣል?» ለሚል ሰው ይህን ታሪክ ንገሩት። ነገር ግን ልብ በሉ፣ ያ ጩኸት የተሰማው ገዝተው የነበሩ ሰዎች ጩኸት ስለነበረ ነው። ወልድያ ላይ መጋረጃ ውስጥ የሚጫወተው ልጅ በኩባንያው መዝገብ ላይ ደንበኛ አይደለም። ስንት ሰዓት እንደተጫወተ፣ ስንት ጓደኛ እንዳስለመደ የሚቆጥርለት የለም። ጨዋታው ውስጥ ኮከብ የሚሆንበትን ክለብ ቢፈልግ የእንግሊዝን ያገኛል እንጂ የኢትዮጵያ ፕሪሚየር ሊግን አያገኝም፤ ከቤቱ ጥቂት ራቅ ብሎ ግን በጥር 2009 ዓ.ም. የተመረቀው የሼህ መሐመድ ሁሴን አሊ አል-አሙዲ ስታዲየም አለ፣ የከተማው ቡድንም በትልቁ ሊግ ተጫውቶበታል።

አንድ የሚያስቅ ነገር አለ። በእግር ኳስ ጌሞች ውስጥ ተጫዋቾች የተደበቁበት እሽግ በእውነተኛ ገንዘብ ይሸጣል፤ ውስጡ ሜሲ ይሁን ማንም የማያውቀው ተከላካይ የሚታወቀው ከከፈልክ በኋላ ነው። ቤልጂየም በ2018 እ.ኤ.አ. ይህ ቁማር ነው ብላ ወሰነች፣ የፊፋ ጌም ሠሪው ኤሌክትሮኒክ አርትስም በቀጣዩ ዓመት መጀመሪያ እዚያ አገር የጨዋታውን ገንዘብ መሸጥ አቆመ። የወልድያ ልጅ ግን ሕግ ሳይወጣለት ድኗል፤ ዓለም አቀፍ የባንክ ካርድ ስለሌለው። ከበር መመለስ ከቁማር የሚያድንበት ጊዜም አለ ማለት ነው።

እና ሠሪው ማነው? አዲስ አበባ ውስጥ ቅኔ ጌምስ የሚባል ቡድን በስልክ የሚጫወቱት ኩኩሉ የሚባል ጨዋታ ሠርቷል፤ እንዳትታረድ የምትሮጥ ዶሮ ታሪክ ነው። ስሙ ከየት እንደመጣ ለኢትዮጵያዊ ልጅ መንገር አያስፈልግም፣ መልሱን «አልነጋም» ብላችሁ ጨርሳችሁታል። ገበታንም ወደ ስልክ አምጥተውታል። ሰንጠረዥን ከነወረራው ስክሪን ላይ ማውጣት ደግሞ ኮምፒውተር ሳይንስ ለሚያጠና የወልድያ ዩኒቨርሲቲ ተማሪ ጥሩ የመመረቂያ ሥራ ይመስለኛል። ከባዱ ክፍል ወረራው ነው፤ ሁለት ሰዎች በአንድ ጊዜ ሲያንቀሳቅሱ መጀመሪያ የበላው ማን እንደሆነ ፕሮግራሙ በማይክሮ ሰከንድ መፍረድ አለበት። ኔትወርኩ በተንቀረፈፈበት ቦታ ደግሞ ዳኝነቱ የባሰ ይከብዳል።

ያን እስክትሠሩት ድረስ ዛሬ ማታ መሞከር ትችላላችሁ። ማንኛውም የቼዝ ሰሌዳ ይበቃል። ንግሥቷን ፈርዝ በሏት፣ በሰያፍ አንድ ቤት ብቻ ትሂድ። ጳጳሱን ፊል በሉት፣ በሰያፍ ሁለት ቤት ይዝለል፣ መካከል ላይ የቆመ ቢኖርም አይገደውም። ደርና ፈረስ እንደምታውቁት ናቸው። መደቅ ከመጀመሪያውም አንድ አንድ ቤት ብቻ ይሂድ። ከዚያ ሁለታችሁም እኩል ጀምሩ፣ አንዳችሁ እስክትበሉ ድረስ ተራ አትጠብቁ። ዙሪያችሁን የሚጮኽ ሰው አይጥፋ፤ እህቶቻችሁንም ጥሩ፣ አንዷ ከታየት ትነሣና ታንቀሳቅስ። በደር ያሸነፈ ሰው ካለ ሻይ ይጋብዝ።